ጣልያንኛ ለመማር ፔሩጂያ ወይስ ሲየና? መጀመሪያ የቋንቋ ኮርስና ዲግሪን ለዩ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽ ሁለት ነው፤ «ፔሩጂያ ይሻላል ወይስ ሲየና?» እና «6 ወር ቋንቋ ተምሬ እዚያው ዲግሪ መቀጠል እችላለሁ ወይ?»። ከሁለተኛው ልጀምር፤ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚቀልጠው እሱ ላይ ነው።

በሁለቱም ከተሞች «ኡኒቬርሲታ ፔር ስትራኒየሪ» የሚባል፣ የውጭ አገር ሰዎችን ጣልያንኛና የጣልያን ባህል ለማስተማር የተቋቋመ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለ። ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት የተለያየ ነገር ነው የሚሰጡት። አንዱ የቋንቋ ኮርስ ነው፤ ትመዘገቢያለሽ፣ ትከፍያለሽ፣ በደረጃ መለያ ፈተና ክፍል ይመድቡሻል፣ ስትጨርሺ የመከታተያ ወረቀት ይሰጡሻል። ሌላው ላውሬያ፣ ማለትም የ3 ዓመት ዲግሪ ነው። ለእሱ ገና አዲስ አበባ ሆነሽ ኡኒቬርሲታሊ በሚባለው ድረ ገጽ ቅድመ ምዝገባ ታደርጊያለሽ፤ የ12ኛ ክፍል ማስረጃሽም በኤምባሲው «ዲኪያራዚዮኔ ዲ ቫሎሬ» (የማስረጃሽን ዋጋ የሚገልጽ ወረቀት) ወይም ቺሜያ በሚባለው የጣልያን የትምህርት ማስረጃ አቻነት ማዕከል ወረቀት መረጋገጥ አለበት። በጣልያንኛ ለሚሰጥ ትምህርት ደግሞ ቢ2 ደረጃ ይጠየቃል፤ ይህ ከኤ1 እስከ ሲ2 ባለው የአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ አራተኛው ነው። ቪዛውም የሚሰጠው ለተመዘገብሽበት ነገር ነው። በኮርስ ቪዛ ገብቶ «እዛ ስደርስ ወደ ዲግሪ አዞረዋለሁ» ብሎ ማቀድ ቁማር ነው። የክልሉ የተማሪ ድጋፍ፣ ማለትም የመኝታ፣ የሜንሳ (የተማሪ ምግብ ቤት)ና የገንዘብ ስኮላርሺፕም ለዲግሪ ተማሪ እንጂ ለቋንቋ ኮርስ ተማሪ አይደለም።

6 ወር ይበቃል ወይ? ሒሳቡን እንሥራው። ሙሉ ቀን የሚባለው ኮርስ በሳምንት 20 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በወር 80። ከዜሮ ተነስቶ ቢ2 ለመድረስ ከ500 እስከ 600 የክፍል ሰዓት ቢታሰብ፣ ያለ አንድ ቀን ዕረፍት 7 ወር ገደማ ይሆናል። የቪዛ መዘግየትና የክፍተት ሳምንታት ሲጨመሩበት 9 ወር በይው። ስለዚህ እስከ ኤ2፣ ከተቻለም እስከ ቢ1 ያለውን እዚሁ አዲስ አበባ በጣልያን የባህል ተቋም ጨርሺው። ዋጋው አይወዳደርም። ቪዛ ስትጠይቂም «ለምን ጣልያንኛ?» ለሚለው ጥያቄ ከየትኛውም የማመልከቻ ደብዳቤ የተሻለ መልስ ይሆንሻል። ቪዛው ቢከለከልም በ60 ቀን ውስጥ ላዚዮ (የሮማ ክልል) ላለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ ይባላል፤ የእምቢታ ደብዳቤውን አትጣዪው።

አሁን ወደ ምርጫው። ሲየና ለውጭ ሰዎች ማስተማር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1917፣ ፔሩጂያ በ1921 ነው፤ በልምድ የሚበላለጡ አይደሉም። የሲየናው የምስክር ወረቀት ቺልስ፣ የፔሩጂያው ቼሊ ይባላል። ቢ2 በቺልስ «ዱዌ» (ሁለት)፣ በቼሊ ደግሞ «3» ነው፤ ቼሊ 2 ቢ1 ስለሆነ ቁጥሩ እንዳያሳስትሽ። ሁለቱም ጣልያን ውስጥ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ እኩል ይሠራሉ፣ ከመግቢያ የቋንቋ ፈተናም ነፃ ያደርጋሉ። ለዜግነት ተብሎ የሚሰጥ ቢ1 የሚባል ፈተናም አለ፤ እሱ ለዩኒቨርሲቲ አይሆንሽም።

አንድ ነገር ግን በደንብ ተጠንቀቂ። በሁለቱም ከተሞች ሌላ፣ ጥንታዊ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የሲየናው እ.ኤ.አ. በ1240፣ የፔሩጂያው በ1308 የተመሠረተ። ምህንድስናም ሕክምናም እዚያ ነው። «ስትራኒየሪ» የሚለውን ቃል ሳያዩ ወደ ተሳሳተው የሚያመለክቱ አሉ። የስትራኒየሪዎቹ ዲግሪ በቋንቋ፣ በትርጉም፣ በተግባቦትና በዓለም አቀፍ ግንኙነት ዙሪያ ነው። ሐሳብሽ ነርስ ወይም ኢንጂነር መሆን ከሆነ፣ ስትራኒየሪው ቋንቋ መማሪያሽ ብቻ ነው። በበኩሌ ኮርሱን ብቻ ለሚፈልግ ፔሩጂያን እመርጣለሁ፤ ዋናው ሕንፃ ፓላዞ ጋሌንጋ ከአሮጌው ከተማ ጥግ፣ ከኤትሩስካኖቹ በር ፊት ለፊት ስለሆነ ሁሉ ነገር በእግር ነው። ትርጉም ለሚማር ግን ሲየና።

ፈተናው ላይ የእኛ ሰው የሚወድቅበትን ልንገርሽ። ቺልስ 5 ክፍል አለው፤ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ የቋንቋ አወቃቀር፣ መጻፍ፣ መናገር። ከቢ1 ጀምሮ እያንዳንዱ ከ20 ይታረማል፤ በእያንዳንዱ ቢያንስ 11 ካላገኘሽ ድምሩ ከፍ ቢልም አላለፍሽም። 4ቱን አልፈሽ አንዱን ከወደቅሽ በ18 ወር ውስጥ የወደቅሽውን ብቻ ትደግሚያለሽ። በቢ2 ሁለት ጽሑፍ ነው የምትጽፊው፤ አንዱ ከ120 እስከ 140፣ ሌላው ከ80 እስከ 100 ቃል። ውጤቱ ወራት ስለሚወስድ፣ በጸደይ ለሚከፈተው ቅድመ ምዝገባ የምትፈልጊውን ወረቀት ቢዘገይ በዲሴምበሩ ፈተና ያዢው። የጁኑን ከጠበቅሽ ዓመቱ አለፈሽ።

አበሻ ተናግሮ ያልፋል፤ ነጥብ የሚጥለው «የቋንቋ አወቃቀር» እና ጽሑፍ ላይ ነው። ምክንያቱ ፊደላችን የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው አለመለየቱ ነው። «አለ» ብለን ጽፈን «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» የሚለየው በንባብ ነው፤ «ገና» በዓሉም፣ «ገና አልመጣም»ም እንዲሁ። ጣልያንኛም ያጠብቃል፣ ግን ሲያጠብቅ ተነባቢውን ደርቦ ይጽፈዋል። «ካሮ» ላልቶ ውድ፣ ጠብቆ ጋሪ ነው። «ፓላ» ላልቶ አካፋ፣ ጠብቆ ኳስ። «ኖኖ» ላልቶ ዘጠነኛ፣ ጠብቆ ወንድ አያት። ጆሯችን ልዩነቱን ወዲያው ይይዘዋል፣ እዚህ ላይ ከብዙ የክፍል ጓደኛ እንሻላለን፤ እጃችን ግን አንዱን ተነባቢ ይበላዋል። መድኃኒቱ በየቀኑ 10 ደቂቃ የቃል ጽሕፈት ነው፤ ቀረጻ ከፍተሽ ጻፊ፣ ከዚያ የተደረበውን ብቻ በቀይ እያሰመርሽ አርሚ።

ሁለተኛው የሚያስቸግረን ነገር የሰዋስው ጾታ ነው። በአማርኛ «ሄድኩ» ስትዪ ወንድ ሁኚ ሴት አይታወቅም። በጣልያንኛ አንቺ «ሶኖ አንዳታ»፣ ወንድምሽ «ሶኖ አንዳቶ» ነው የምትሉት። «በላሁ» ሲሆን ደግሞ ረዳት ግሡ ይቀየርና ሁለታችሁም «ኦ ማንጃቶ» ትላላችሁ። ስምንም ጾታውን ከሚያሳየው ከፊቱ ካለው ቃል ነጥለሽ አትሸምድጂ፤ «ሊብሮ» ሳይሆን «ኢል ሊብሮ»፣ «ስቱዴንቴ» ሳይሆን «ሎ ስቱዴንቴ» ብለሽ ያዢው። ኋላ ለመለጠፍ መሞከር ዓመት ይፈጃል።

እዚያ ስትደርሺ ጊዜ አታባክኚ። በ8 የሥራ ቀን ውስጥ ፖስታ ቤት ሄደሽ የሶጆርኖ (የመኖሪያ ፈቃድ) ማመልከቻ ኪት ትወስጃለሽ፣ ሞልተሽም እዚያው ታስገቢያለሽ። እስከ አንድ ዓመት ለሆነ ፈቃድ 70.46 ዩሮ በቦሌቲኖ (የፖስታ ቤት መክፈያ ቅጽ)፣ 16 ዩሮ ማርካ ዳ ቦሎ (የቴምብር ቀረጥ)፣ 30 ዩሮ ለፖስታው፤ ድምሩ 116.46። የሚሰጡሽን ሪቼቩታ (ደረሰኝ) እንደ ፓስፖርትሽ ጠብቂው፤ ካርዱ እስኪመጣ ሕጋዊ የሚያደርግሽ እሱ ነው። ሰው በብዛት የሚሳሳተው የፓስፖርቱን ቪዛ ያለበትን ገጽ ኮፒ ባለማስገባትና በኩዌስቱራው (ፈቃዱን የሚሰጠው የፖሊስ ቢሮ) ቀጠሮ ቀን ኦሪጅናሉን ሳይዝ በመሄድ ነው። ለመንግሥት የጤና አገልግሎት የተማሪ ምዝገባ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በዓመት 700 ዩሮ ስለሆነ፣ አብዛኛው ተማሪ የሚረክሰውን የግል ኢንሹራንስ ይገዛል። በተማሪ ሶጆርኖ በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል። ዲግሪ ከገባሽ ሶጆርኖው እንዲታደስ በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ 1፣ ከዚያ በየዓመቱ 2 ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው፤ ሥራ ላይ ብቻ የሚከርም ሰው የሚያዝነው እዚህ ጋ ነው።

ቤት ፍለጋን በጁላይና በኦገስት አትጀምሪው። ሲየና በፓሊዮ፣ ማለትም በከተማው የፈረስ ግልቢያ ውድድር ሰሞን፣ ጁላይ 2 እና ኦገስት 16፣ ክፍል አይገኝም፤ ፔሩጂያም በጁላይ የጃዝ ፌስቲቫል አለባት። ማስታወቂያ ላይ «ስታንዛ ሲንጎላ» ካለ ክፍሉ ያንቺ ብቻ ነው፣ «ፖስቶ ሌቶ» ካለ አልጋው ብቻ። «ባኞ» የሚለውን ስታዪ ደግሞ እኛ አገር እንደምንለው የመታጠቢያ ገንዳ አለው ብለሽ አትደሰቺ፤ እነሱ ባኞ የሚሉት መላውን መታጠቢያ ቤት ነው፣ ገንዳ የሚፈልግ «ቫስካ» ብሎ ነው የሚጠይቀው።