«የቪሲኦዬ ሳይን ዝዝ ይላል፣ ልቀይረው?» ላልከው

ወንድሜ፣ የአናሎግ ቪሲኦህ (በቮልቴጅ የሚታዘዘው የሲንተሳይዘር ድምፅ አመንጪ) ሳይን፣ ማለትም ለስላሳው ንጹሕ ሞገድ፣ ኮምፒውተርህ ከሚያወጣው ሳይን ጋር ሲነጻጸር ስስ የሆነ ዝዝታ አለው፤ ተበላሽቷል ወይስ ሌላ ልግዛ ነው ያልከው። ከነገርከን ተነስቼ ስገምት አልተበላሸም። ገንዘብህንም ለጊዜው ያዝ።

አብዛኛው አናሎግ ቪሲኦ በቀጥታ ሳይን አያመነጭም። ውስጡ ያለው ካፓሲተር ሲሞላና ሲራገፍ የሚወጣው ሶው (የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ሞገድ) ወይም ትራያንግል (ባለ ሦስት ማዕዘን ሞገድ) ነው። በብዙ ሞጁሎች ውስጥ የምታገኘው ሲኢኤም 3340 ቺፕ ራሱ የሳይን መውጫ የለውም፤ ሞጁሉ ላይ ሳይን ካለ አምራቹ የጨመረው ነው። ጭማሪው የትራያንግሉን ሹል ጫፎች የሚያድቦለቡል ሰርኪዩት ሲሆን በዳዮዶች ወይም ሆን ተብሎ ከልኩ በላይ በሚነዳ ጥንድ ትራንዚስተር ይሠራል። ሃርሞኒክ የምንለው ድግግሞሹ የመሠረቱ ድምፅ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ወዘተ እጥፍ የሆነ ተጨማሪ ድምፅ ነው። ጥሬው ትራያንግል ሦስተኛ ሃርሞኒኩ የመሠረቱ አንድ ዘጠነኛ (11 በመቶ ገደማ)፣ አምስተኛው ደግሞ 4 በመቶ ነው። በደንብ የተስተካከለ ሰርኪዩት ጠቅላላ ዲስቶርሽኑን ወደ 1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ያወርደዋል። 1 በመቶ ከመሠረቱ 40 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ወፍራም ኖታ ላይ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። ጆሯችን 60 ኸርዝን አደብዝዞ፣ ከላዩ ያሉትን ሃርሞኒኮች ግን አጥርቶ ነው የሚሰማው።

ያንተ ዝዝታ ግን ሌላ ምንጭ ያለው ይመስለኛል። ቪሲኦህ በሶው ላይ የተሠራ ከሆነ ትራያንግሉ የሚገኘው ሶው ለሁለት ታጥፎ ነው። ሶው ወደ መነሻው ለመመለስ የሚፈጅባት ጊዜ አጭር ቢሆንም ዜሮ አይደለም፤ ስለዚህ በየዙሩ አንዱ ጫፍ ላይ ቀጭን ጭረት ትቀራለች። ኦሲሎስኮፕ ካለህ የሳይኑን አናት አጉልተህ እያት፣ መርፌ የነካው ይመስላል። የመመለሻው ጊዜ ስለማይለወጥ ኖታው በቀጠነ ቁጥር ጭረቷ ከዙሩ የምትይዘው ድርሻ ይሰፋል። ይህችን ማንኛውም የሳይን ትሪመር (ሞጁሉ ላይ ያለች ትንሽ ማስተካከያ) አያጠፋትም። ከመነሻው በትራያንግል ላይ የተሠራ ቪሲኦ ይህ ችግር የለበትም፤ ለሳይን ብዬ የምገዛ ቢሆን እኔ እሱን ነው የምመርጠው።

ከመደምደምህ በፊት ግን ለካ። ሞዱላር (ከሞጁሎች የሚገጣጠም ሲንተሳይዘር) 10 ቮልት ከጫፍ ጫፍ ያወጣል፤ ተራ ሳውንድ ካርድ ይህን አይችልም፣ ጫፎቹን ይቆርጥና የሌሉ ሃርሞኒኮች ያሳይሃል። በአቴንዩዌተር (የሲግናል መቀነሻ) ቀንሰህ አስገባ። ከዚያ በፊት የካርዱን መውጫ ከራሱ መግቢያ ጋር አገናኝተህ የኮምፒውተሩን ሳይን ቅዳ፤ እዚያ የምታየው ቆሻሻ የካርድህ እንጂ የቪሲኦህ አይደለም። ስፔክትረሙን (የየሃርሞኒኩን መጠን የሚያሳየውን ሥዕል) ለማየት ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ ፕሮግራም ይበቃል።

ሁለተኛው ሃርሞኒክ ጎልቶ ካየህ የሞገዱ ላይና ታች አልተመጣጠነም፣ የሲሜትሪ ትሪመሩን አዙር። ሦስተኛው ከጎላ ትራያንግሉ ወደ ሰርኪዩቱ የሚገባው በዝቶ ወይም አንሶ ነው፣ ያ ሌላኛው ትሪመር ነው። አንዱን ስትነካ ሌላው ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ተመላልሰህ አስተካክል። ስማቸው ከሞጁል ሞጁል ይለያያልና ማኑዋሉን ሳታይ አትጀምር፤ የኦክታቭ ማስተካከያውን ከነካህ ቱኒንግህ ገደል ይገባል። ሞጁሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሙቅ። የትራንዚስተር ጥንዱ ባሕርይ ከሙቀት ጋር በየዲግሪው 0.3 በመቶ ገደማ ስለሚለወጥ ቀዝቃዛ ላይ ያስተካከልከው ሲሞቅ አይቆይም።

ይህን ሁሉ ከማድረግህ በፊት ግን ሳይኑን ለምን ትፈልገዋለህ? ወደ ዌቭፎልደር (ሞገዱን እያጠፈ ድምፁን የሚያበዛ ሞጁል) የሚገባ ከሆነ ተወው፤ ፎልደሩ ራሱ በሃርሞኒክ ሊሞላው ነው። ለባስ ከሆነም ጥቂት ሦስተኛ ሃርሞኒክ በትንሽ ስፒከር ላይ ኖታው እንዲሰማ ይረዳል እንጂ አይጎዳም። ንጽሕናው የሚያስፈልገው ለሪንግ ሞዱሌተር (የሁለት ድምፆችን ድግግሞሽ ድምርና ልዩነት ለሚያወጣው) እና ለኤፍኤም (አንዱ ሞገድ የሌላውን ድግግሞሽ ለሚያወዛውዝበት) ነው። 300 እና 200 ኸርዝ ሪንግ ሞዱሌተር ውስጥ ብትከት 500 እና 100 ይወጣሉ። የ300ው ሦስተኛ ሃርሞኒክ፣ ማለትም 900፣ ካለበት ደግሞ 1100 እና 700 ሳይጠሩ ይመጣሉ። ኤፍኤም ላይ ከዚህም ይብሳል፤ እያንዳንዱ ሃርሞኒክ የራሱን ጎኖች ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የያማሃ ዲኤክስ 7 ደወሎች ያን ያህል የጠሩት ከዲጂታል ሳይን ስለተሠሩም ነው። ለኤፍኤም ብቻ ከሆነ ርካሽ ዲጂታል ኦሲሌተር ከውድ አናሎግ ይሻልሃል፣ የአናሎግ ወዳጆች ይቅር ይበሉኝ።

በእጅህ ባለው ለመሥራት ከፈለግህ ሳይኑን አራት ፖል (አራት የማጣሪያ ደረጃ) ባለው ሎውፓስ ፊልተር፣ ማለትም ቀጫጭኑን ድምፅ በሚቀንስ ማጣሪያ፣ አሳልፈው። ሬዞናንሱን (መቁረጫው አካባቢ ያለውን ድምፅ የሚያጎላውን) ዝጋ፣ መቁረጫውን ልክ ኖታው ላይ አድርግ፣ የኪቦርዱንም ቮልቴጅ ለሁለቱም ስጥ። ከመሠረቱ ጋር ሲነጻጸር ሁለተኛው ሃርሞኒክ ከነበረበት ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ፣ ሦስተኛው ወደ አንድ ሃያ አምስተኛ ይወርዳል፤ ያቺ የጭረት ዝዝታም አብራ ትጠፋለች። መሠረቱ ራሱ ወደ ሩብ ስለሚቀንስ ከኋላው ማጉያ አስገባ። ፊልተሩ ቮልት በኦክታቭን (አንድ ቮልት ሲጨመር ኖታው አንድ ኦክታቭ የሚወጣበትን ደንብ) በትክክል የማይከተል ከሆነ ድምፁ ከኖታ ኖታ ከፍና ዝቅ ይላል፣ እሱን ቀድመህ ፈትሽ።

ካርዱን ፈትሸህ ስትጨርስ የ100 እና የ1000 ኸርዝ ስፔክትረም ፎቶ እዚሁ ለጥፍ። ከሃርሞኒኮቹ አወራረድ ጭረቷ ይሁን ትሪመሩ እንለየዋለን።