የቱ ቀለም ይሻላል ላላችሁኝ

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ ጻፈችልኝ። «በሕይወት ባለ ሴል ውስጥ አር ኤን ኤን ለማየት ብርሃን ሲያርፍባቸው ከሚያበሩት ፍሎረሰንት ቀለሞች የቱ ነው በጣም የሚደምቀው?» ትላለች። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

በወጣትነቴ አብሮኝ የሚሠራ ጎበዝ ልጅ ነበር። አንድ አር ኤን ኤ፣ ማለትም ከዲ ኤን ኤ የሚቀዳ ሞለኪውል፣ ከኒውክሊየስ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ በዓይኑ ማየት ፈለገ። በእጁ የነበሩት ቀለሞች ግን አንዱን አር ኤን ኤ ከሌላው አይለዩም። ዲ ኤን ኤም ላይ ይለጠፋሉ። ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ደግሞ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ይጠራቀማሉ። ሴሉን ቢያጥበው፣ ቢያጥበው የምስሉ ጀርባ አይጠራም። ብርሃን ሲጨምር ሴሎቹ ዓይኑ እያየ ይኮማተራሉ፣ ክብ ይሆናሉ፣ ከመስታወቱ ይላቀቃሉ። ማታ ሁላችንም ስንወጣ እሱ ጨለማው ክፍል ውስጥ ይቀራል። ጠዋት ስንመጣ ዓይኑ ቀልቶ እናገኘዋለን። በመጨረሻ ሙያውን ጥሎ ሄደ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመራማሪው የሳሚ ጃፍሪ ቡድን ስፒናች የተባለውን ዘዴ ይፋ አደረገ። ዲ ኤፍ ኤች ቢ አይ የተባለው ቀለም ብቻውን ሲሆን አያበራም ማለት ይቻላል። ሞለኪውሉ ስለሚጠማዘዝ የተቀበለውን ኃይል በእንቅስቃሴ ይጨርሰዋል። ስፒናች የተባለው፣ ልናየው በፈለግነው አር ኤን ኤ ላይ የሚቀጠል አጭር አር ኤን ኤ፣ አፕታመር ይሉታል፣ ጥርቅም አድርጎ ሲይዘው ግን አረንጓዴ ይበራል። ሐሳቡ የተቀዳው እ.ኤ.አ. የ2008ን የኬሚስትሪ ኖቤል ካስገኘው የጄሊፊሽ ፕሮቲን ነው። ጽሑፉን ሳነብ ትዝ ያለኝ ያ ልጅ ነው። ምነው ትንሽ ቀደም ብሎ በመጣለት! ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ልጄ፣ ድምቀቱን ለጊዜው ተዪው። ቀለሙ ሳይያዝ ምን ያህል ጨለማ ነው? እሱን ጠይቂ። አፕታመር የሌለበትን ሴል በዚያው ቀለም፣ በዚያው ብርሃን አንሺው። ሁሉንም አር ኤን ኤ በሚያቀልም ቀለም የምትሠሩ ደግሞ ጥቂት ሴሎችን ፊክስ አድርጋችሁ፣ ማለትም በኬሚካል ባሉበት አድርቃችሁ፣ አር ኤን ኤን የሚቆራርጠውን ኢንዛይም አር ኤን ኤዝን ስጧቸው። በኒውክሊየስ ውስጥ አር ኤን ኤ የሚበዛበት የኒውክሊዮለሱ ድምቀት ካልጠፋ፣ ያያችሁት አር ኤን ኤ አይደለም። የዛሬ ልጆች ይህን ሳትሠሩ ኮንትራስት ለመጨመር ትሮጣላችሁ። በጣም ያሳዝነኛል።

ድምቀት ግን ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ትልቅ ጉዳይ ነው። ቀለሙ ደብዛዛ ከሆነ ብርሃን ትጨምሪያለሽ፣ ሴሉም ይጎዳል። ስፒናች ሴል ውስጥ በደንብ አልታጠፍ ስላለ እ.ኤ.አ. በ2014 ብሮኮሊ የተባለ ሌላ አፕታመር መጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ይበልጥ ደማቅ የሆነው ፔፐር የተባለው አፕታመር ተከተለ። እኔ ብሆን በፔፐር እጀምር ነበር። ግን አፕታመሩን ልታዪው በፈለግሽው አር ኤን ኤ ላይ ከቀጠልሽ በኋላ አር ኤን ኤው የቀድሞ ሥራውን መሥራቱን ሳታረጋግጪ ማይክሮስኮፕ ስር አታስገቢው።