የክረምት ውሃና የጓሮ ብስባሽ

ጥያቄ፦ የምኖረው በአዲስ አበባ፣ በሰሚት አካባቢ ሲሆን፣ በጠባቧ ጓሮዬ አትክልት መትከል ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በሰኔ ወር ጉድጓድ አስቆፍሬ ብስባሽ ለማዘጋጀት የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላ መጨመር ጀመርኩ፤ ነሐሴ ላይ ግን ጉድጓዱ ውሃ ቋጥሮ ክፉኛ ሸተተ፣ ትልም ፈላበት። በዚያው ክረምት የተከልኩት ቲማቲም ቅጠሉ ጠቁሮ፣ ፍሬውም ቡናማ ሆኖ በሰበሰ። አፈሩ ጥቁርና የሚጣበቅ በመሆኑ ጎረቤቴ አሸዋ እንድቀላቅልበት መክረውኛል። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

መልስ፦ እመቤት፣ የገለጹልን ችግሮች የተለያዩ ቢመስሉም ሁሉንም ያባባሰው መውጫ ያጣ ውሃ ነው። ልጣጩን ወደ ለም ብስባሽ የሚለውጡት ረቂቅ ተሕዋስያን አየር ይፈልጋሉ። ጉድጓዱ በውሃ ሲሞላ እነርሱ ይጠፉና ያለ አየር የሚኖሩት ይተኳቸዋል፤ ሽታውም የሚመጣው ከእነዚህ ነው። ጉድጓድ እርጥበት ስለሚይዝ ለበጋ ይበጃል፤ ውሃ በማያሳልፍ ጥቁር አፈር ላይ ግን በክረምት ፈጽሞ አንመክረውም።

ስለዚህ ያለውን አውጥተው ከመሬት በላይ ይከምሩት። ከሥሩ ጭራሮ ይደርድሩ፤ ከዚያም ለአንድ እጅ እርጥብ ልጣጭ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠል፣ ገለባ ወይም የተቀዳደደ ካርቶን እየቀላቀሉ፣ ቁመቱም ወርዱም 1 ሜትር ያህል እስኪሆን ይከምሩ። በክረምት ደረቅ ነገር ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ ቅጠሉን በበጋ ሰብስበው በማዳበሪያ ከረጢት ቢያስቀምጡ ከብዙ ድካም ይድናሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ቶሎ የማይበሰብስ በመሆኑ ይተዉት። ክምሩን በቆርቆሮ ከዝናብ ከልለው በየሁለት ሳምንቱ ያገላብጡት፤ በእጅዎ ጨብጠው ሲጨምቁት ከአንድ ሁለት ጠብታ በላይ ከወጣው ገና ደረቅ ነገር ይፈልጋል ማለት ነው። ትሉ የዝንብ እጭ ስለሆነ እርጥበቱ ሲቀንስ ይጠፋል። የቡና አተላው ጥሩ ነው፤ ሥጋና የወጥ ትራፊ ግን አይጥ ይጠራል። በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ብስባሹ ለመድረስ ከአራት እስከ ስድስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ሲደርስ ጠቁሮ ይፈረፈራል፣ ሽታውም እንደ ራሰ መሬት ይሆናል።

ጎረቤትዎ በቅንነት መክረውዎታል፤ ሆኖም ጥቂት አሸዋ የሸክላነት ጠባይ ያለውን አፈር አይለውጠውም፣ እንዲለውጠውም እጅግ ብዙ አሸዋ ያስፈልጋል። ሲረጥብ የሚያብጠውን፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቀውን ይህን አፈር የሚያላላው በየወቅቱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት የሚጨመርበት ብስባሽ ነው፤ ለውጡም በአንድ ዓመት የሚታይ አይደለም። በሰሜን ሸዋ፣ በእነዋሪ ሜዳ ያሉ ገበሬዎች ጥቁሩን አፈር በእጃቸው ከፍ ባለ መደብ እየሠሩ ውሃውን በቦይ ማሳለፍ ከጀመሩ ብዙ ዘመናቸው ነው። እርስዎም መደቦቹን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው በመካከላቸው ቦይ ያውጡ፤ አፈሩ እርጥብ ሳለ ግን አይቆፍሩት፣ አይርገጡትም፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራልና። የከሰል አመድም አያብዙበት፤ ጥቁር አፈር አብዛኛውን ጊዜ አሲዳማ ስላልሆነ አያስፈልገውም።

ቲማቲሙን ያጠፋው፣ ከምልክቱ እንደምንረዳው፣ በብርድና በእርጥበት የሚስፋፋው የቅጠል ዋግ ነው። የታመመውን ተክል ነቅለው ያስወግዱት እንጂ ብስባሹ ውስጥ አይጨምሩት፤ የቤት ክምር በሽታን ለመግደል የሚበቃ ሙቀት ሁልጊዜ አያገኝምና። በክረምት ከፍ ባለው መደብ ላይ ጎመን፣ ቆስጣና ቀይ ሥር ይትከሉ። የቲማቲሙን ዘር በጥር መጀመሪያ መደብ ላይ አፍልተው፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ካለፈ በኋላ በየካቲት ቢያዛውሩት፣ ዋናው ዝናብ ሳይገባ በግንቦት ፍሬውን መልቀም ይጀምራሉ። ሲያጠጡም ውሃውን ከሥሩ ያፍስሱ እንጂ ቅጠሉን አያርሱት፤ በሽታው የሁለቱም ስለሆነ ከድንች አጠገብ አይትከሉት።