በአንዲት “ባይ” ጦስ አቤት ባይ ሆኜ ከረምኩ

እህቴ፣ “የጀርመንኛው ‘ባይ’ ‘አጠገብ’ ነው ወይስ ‘ጋር’? ከ‘ሚት’ስ በምን ይለያል?” ብለሽ ለጠየቅሽው፣ መዝገበ ቃላቱን ዝጊና እኔን ስሚኝ። ሰው ቤት ተጠግተሽ ነው የምትኖሪው ብዬ ልገምት፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የጀመርነው።

1. “ባይ” የኛ “ጋ” ነው፣ “ጋር” አይደለም። “አክስቴ ጋ ነኝ” ስትዪ ቤቱ የአክስትሽ ነው፣ አንቺ ተጠግተሻል። ይሄ “ባይ” ነው። “ከአክስቴ ጋር” ካልሽ “ሚት”። አማርኛው ለይቶ አስቀምጦታል፤ በወሬ የምንደባልቀው እኛ ነን። መሥሪያ ቤትም እንዲሁ፦ ፖስታ ቤት የሚሠራ “ባይ ዴር ፖስት” ይላል። ብቻ አንድ ጉድ አለው። እኛ “ሐኪም ጋ ነኝ”ም “ሐኪም ጋ ልሄድ ነው”ም እንላለን። እነሱ ሲሄዱ “ጹም አርትስት”፣ ከደረሱ በኋላ ነው “ባይም አርትስት”።

2. እንግሊዝኛውን እርሺው። ድምፁ አንድ ስለሆነ በአውቶቡስ መጣሁ ለማለት “ባይ” የሚል ስንቱን ሰምቻለሁ። አውቶቡስ “ሚት” ነው።

3. መድኃኒት ላይ ደግሞ... ቆይ፣ መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ስመጣ የወንድሜ ጓደኛ ሳሎኑን ለቀቀልኝ። የድጎማ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፣ ሴትዮዋ የት እንደምኖር ጠየቀችኝ። እኔም ያለ አስተርጓሚ፣ ደረቴን ነፍቼ “ኢኽ ቮነ ሚት ማይነም ፍሮይንድ” አልኳት። ጓደኛዬ ማለቴ ነበር። እሷ የሰማችው “ከፍቅረኛዬ ጋር እኖራለሁ” ነው! “ባይ አይነም ቤካንተን”፣ አንድ የማውቀው ሰው ጋ፣ ብል ኖሮ አለቀ። ኮምፒውተሯ ላይ ቸክችካ “ቤዳርፍስገማይንሻፍት” አደረገችን፤ ኪሳቸው አንድ የሆነ ጥንዶች እንደማለት ነው። በፈረንጅ 2024 ነበር፤ ለነጠላ ሰው በወር 563 ዩሮ፣ ለጥንዶች ለእያንዳንዳቸው 506። 57ቱ ዩሮስ ይሁን፣ የሱን ደሞዝ ደምረው የኔን ከነጭራሹ አቆሙት። ልጁ ደግሞ እጮኛ አለው። እጮኛውን ያስረዳሁበት ቀን ለብቻው ይወራል።

ያቆሙበትን ምክንያት የሚገልጸው ደብዳቤ እንኳ አልደረሰኝም። ምክንያቱ አሁንም “ባይ”! ሳጥኑ ላይ ያለው የሱ ስም ብቻ ነው፣ የኔን ስም ፖስተኛው ከየት ያምጣው? ይዞት ተመለሰ። አድራሻ ስትሞዪ ከስምሽ ሥር “ባይ” ብለሽ የቤቱን ሰው ስም ጻፊ፣ ሳጥኑም ላይ ስምሽን በፕላስተር ለጥፊ። ዛሬውኑ።

ቪደርሽፕሩኽ፣ ማለትም መቃወሚያ፣ ጻፍኩ። ለዚያ ያለሽ ጊዜ ውሳኔው ከደረሰሽ አንድ ወር ነው። ልጅ ከሌለ፣ አብሮ መኖሩ ከአንድ ዓመት ሲያልፍ ነው ሕጉ እንደ ጥንድ የሚገምተው፤ እኛ ገና አራት ወራችን። ገንዘቤ እስኪመለስ ሦስት ወር ፈጀ። ሴትዮዋ ይቅርታ እንኳ አላለችም፤ “እዚህ አገር በትክክል መናገር ያስፈልጋል” አለችኝ። በትክክል! እኔ በሦስት ቋንቋ ነው የምሳሳተው፣ እሷ በአንድ።

ወደ 3 ልመለስ። የመድኃኒት ወረቀት ላይ “ባይ ቤዳርፍ” ካለ ሲያስፈልግሽ ብቻ ውሰጂ ማለት ነው፣ በየቀኑ አይደለም። “ባይ ሬገን” ሲዘንብ፣ “ባይም ኮኸን” ወጥ እየሠራሽ ሳለ። የቤት ማስታወቂያ ላይ “ባይ ፍራንክፉርት” ካየሽ ደግሞ ቤቱ ከፍራንክፉርት ውጭ ነው፤ ኪራዩ ረከሰ ብለሽ አትዝለዪ፣ መጀመሪያ የባቡሩን ነገር እዪ። ከ“ባይ” ኋላ የሚመጣው ስም ዳቲፍ የሚባለውን የሰዋስው ቅርጽ እንደሚይዝ አስተማሪሽ ነግራሻለች፣ ሁሌም ዳቲፍ ነው፣ እሱ ላይ አልቆይም።

ባለፈው ለአንዲት አዲስ ልጅ ላስተረጉም እዚያው መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ሰውየው “ሚት” ብሎ ሲጽፍ ስክሪኑ ላይ አየሁት። “ናይን፣ ባይ” አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ አጠፋና “ባይ” ብሎ ጻፈ።