ረጅም የደች ቃል ሲገጥምሽ ከጭራው ጀምሪ

እህቴ፣ «ረጃጅሞቹን የደች ቃላት የት ነው የምቆርጣቸው? ድምፄንስ የቱ ላይ ላጉላ?» ያልሽው እኔንም 2 ዓመት ያንገላታኝ ነገር ነው።

«አርቤይትስኦንኸስኺክትሄይትስፈርዜከሪንግ»ን እንውሰድ። በላቲን ስትጻፍ 33 ፊደል፣ ቀለሟ፣ ማለትም ስትጠራ የምትከፈልበት የድምፅ ቁራጭ፣ ደግሞ 10 ነው። ድሮ ከፊት ጀምሬ ስንተባተብ መሃል ላይ ትንፋሼ ያልቅ ነበር። አሁን ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው ጭራዋን ነው፦ «ፈርዜከሪንግ»፣ ኢንሹራንስ። የእኛ «ቤተ መንግሥት» ቤቱን ያስቀድማል፤ እነሱ ዋናውን ነገር ወደ ኋላ ይጥሉታል። ከስም ፊት የምትገባው ቃል «ደ» ትሁን ወይስ «ሄት» የሚለውንም የሚወስነው እሱ ነው። ከዚያ ወደ ፊት ስትመለሺ «አርቤይት» ሥራ ነው፣ «ኦንኸስኺክትሄይት» ብቁ አለመሆን። በየመሃሉ የገባችው «ስ» ማያያዣ ናት፤ ስትቆርጪ ከፊተኛው ቃል ጋር ትቅር።

ድምፁ ግን ጭራውን አይከተልም። ብዙውን ጊዜ የሚጎላው የፊተኛው ቃል ነው፤ እዚህ «አር» ላይ ትጫኚና የቀረውን ዝቅ እያደረግሽ ትጨርሻለሽ።

ብዙውን ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም። አምስተርዳም ውስጥ «ሌይድሰስትራት» ሲሉ «ሌይ» ይጎላል፤ መንገዱ የሚያደርስሽ አደባባይ «ሌይድሰፕሌይን» ግን «ፕሌይን» ላይ ነው። ማዘጋጃ ቤቱም፣ «ስታትሃውስ»፣ ኋላ ይከብዳል። እነዚህን ጆሮ ነው የሚያስተምርሽ።

አቆራረጥ ላይ ያፈርኩበትም አለ። «ፋልካውል»ን «ፋልክ» እና «አውል» ብዬ ከፍዬ፣ ጭልፊትና ጉጉት የተዳቀሉበት ወፍ መስሎኝ ነበር። ለካ «ፋል» እና «ካውል» ነው፤ ወጥመድ ጉድጓድ!

የእኛ ሰው ዋና ችግር ግን ማጥበቅ ነው። ድርብ ፊደል ስናይ የልደቱን «ገና» እንደምንለው እናጠብቃለን። ደች እንደዚያ አያጠብቅም። ቦምቦች ለማለት «ቦመን» ሲጻፍ ኤሟ ሁለት የሆነችው ፊተኛው «ኦ» አጭር መሆኑን ለማሳየት ነው። በአንድ ኤም ከተጻፈ ዛፎች ማለት ነው፤ «ቦ» ክፍት ስለቀረ «ኦ»ው ይረዝማል። መስመር መጨረሻ ላይ ስትቆርጪም ሁለቱ ኤሞች ይለያያሉ፣ አንዷ ግን ከኋለኛው ቀለም ጋር ትሄዳለች።

ፈተና ከመግባትሽ በፊት «ፎርኮመን»ን ደጋግመሽ በይው። «ፎር» ላይ ከጎላ መከሰት ነው፣ «ኮ» ላይ ከጎላ መከላከል። እኔ ክፍል ውስጥ ተነስቼ በሽታን መከላከል አለብን ልል ብዬ በሽታ እንዲከሰት ተከራክሬያለሁ።