በእንግሊዝ ቦዮች ላይ በጀልባ መኖር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ናሮውቦት በምትባል ጠባብ ጀልባ ላይ መኖር ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ሌላ ቤት የለኝም። ይህን ከነገርኳችሁ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ለምንድነው እንዲህ የጠበበችው?

ወርዷ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጄምስ ብሪንድሊና ሌሎች መሐንዲሶች ለጀልባ መሄጃ የሚሆን ቦይ ሲያስቆፍሩ፣ የብዙዎቹን ሎኮች ወርድ 7 ጫማ ያህል አደረጉት። ጀልባዎቹም በዚያ ልክ ተሠሩ። ውስጧ እንደ ባቡር ፉርጎ ነው፤ ሳሎኑ፣ ወጥ ቤቱ፣ መታጠቢያውና መኝታው በአንድ መስመር ይከተላሉ። ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ወደ ጎን መዞር አለበት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ሎክ ምንድነው?

የውሃ ደረጃ በለው። የቦይ ውሃ እንደ ወንዝ ቁልቁል አይሮጥም፣ ተኝቶ ነው የሚውለው። ኮረብታ ሲገጥመው ሎክ ይሠራለታል፦ በግንብ የታጠረ፣ ከፊትም ከኋላም በር ያለው ገንዳ። ሽቅብ ስትሄድ በታችኛው በር ትገባና ትዘጋዋለህ። ከዚያ በብረት እጀታ የላይኛውን የውሃ መዝጊያ ታነሳለህ። ውሃው እየገባ ጀልባዋን ያነሳታል። ከላይና ከገንዳው ያለው ውሃ እኩል እስኪሆን በሩ በጉልበት ንቅንቅ አይልም። እኩል ሲሆን ግን በጀርባህ ደገፍ ብለህ ስትገፋው ቀስ እያለ ይከፈትልሃል። ያቺን ቅጽበት እስከ ዛሬ አልሰለቸኋትም።

ቁልቁል ስትሄድ ግን ተጠንቀቅ። ከላይኛው በር ሥር የግንብ ደፍ አለ። የጀልባዋ ኋላ እሱ ላይ ከቀረ፣ ውሃው ሲጎድል ፊቷ ይደፋል። በደቂቃዎች ውስጥ ልትሰምጥ ትችላለች። ግድግዳው ላይ ነጭ ምልክት አለ፤ ኋላዋ ምንጊዜም ከሱ ወደ ፊት ይሁን። ዴቪዚስ ከተማ አጠገብ ኬን ሂል የሚባል ቦታ 29 ሎኮች ተደርድረዋል። እዚያ ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ከዚያ ምልክት አይነቀልም።

ጥያቄ፦ ውሃና ሽንት ቤትስ እንዴት ነው? ይቅርታ፣ ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም።

ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል እህቴ፣ ዋናው ጥያቄ እኮ ነው! ውሃ ከቦዩ ዳር ካለ ቧንቧ በጎማ ታንከሬ ውስጥ እሞላለሁ። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ያደግሁት ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ነው፤ ቆጥቦ መጠቀም አልከበደኝም። ሽንት ቤቱ እንደ ሻንጣ የሚወጣ ካሴት አለው። ሲሞላ ለዚሁ ወደተሠራው ቦታ ወስጄ ደፍቼ አጥበዋለሁ። ቦይ ውስጥ አይደፋም፣ በፍጹም! መብራት ከሶላርና ከባትሪ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ስለማትበረታ ሞተር አስነሳለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ቦታ አስረህ መኖር አትችልም?

ቋሚ ማሰሪያ ከተከራየህ ትችላለህ። እኔ የለኝም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ሕግ እንደኔ ያለውን ሰው ከ14 ቀን በላይ አንድ ቦታ እንዳይቆም ያዛል። ስለዚህ ካስማዬን ነቅዬ እሄዳለሁ። ፍጥነት ከተባለ፣ የሚፈቀደው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የታሰረ ጀልባ ስታልፍ ከዚያም ቀንስ፤ ማዕበልህ የሰውየውን ካስማ ይነቅለዋል። ልጅ ትምህርት ቤት ላለው ሰው ይህ ኑሮ ከባድ ነው፤ አላባብልም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ብርዱን እንዴት ትችለዋለህ? ቡናስ በከሰል ታፈላለህ?

እናቴ፣ ስላሰቡልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጭስ ማውጫ ያላት ትንሽ የብረት ምድጃ አለችኝ። ማታ የድንጋይ ከሰል ጨምሬባት እተኛለሁ፣ ጠዋት አመዷን አወጣለሁ። የቦዩ ውሃ በረዶ ሲሠራ አንዳንድ ሌሊት በረዶው የጀልባዋን ጎን ሲፍቀው ይሰማኛል። እኔ ግን በካልሲ ነኝ።

ቡና የማፈላው በጋዝ ምድጃ ነው። ስቆላ የጣሪያዋን መስኮት እከፍታለሁ፣ በቦዩ ዳር የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ ያሸታል። የከሰል ማንደጃ ግን ጭስ ማውጫ ስለሌለው ጀልባዬ ውስጥ አይገባም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። አገራችን ውስጥ ስንቱ ሰው ቤት ዘግቶ ከሰል አንድዶ እንደተኛ ቀርቷል። እዚህ መኖሪያ ክፍል ያላት ጀልባ ሁሉ የዚህ ጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወል እንዲኖራት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። የኔን በየሳምንቱ ተጭኜ እሞክራታለሁ። እርስዎም ማንደጃውን ደጅ ያድርጉት፣ እባክዎ።

ጥያቄ፦ ልገዛ አስቤያለሁ። ምን ትመክረኛለህ?

መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ተከራይተህ ሞክር። ስትገዛ ደግሞ ከውሃ ወጥታ ታይልህ። የብረቷን ውፍረት የሚለካ ባለሙያ አለ፤ ገንዘቡን አትሰስት። የታችኛው አካሏ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ሬንጅ ይቀባል። ሻጩን መጨረሻ የተቀባችው መቼ እንደሆነ ጠይቀው፣ ደረሰኙንም ያሳይህ።