«ከየት መጣ?» የምትለዋ ሳጥን

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ባለፈው ሰሞን ከእናንተ አንዷ ጻፈችልኝ። ገና ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ቆዳ ፋብሪካ ገብታለች። አለቃዋ «ኃላፊነት የተሞላበት የጥሬ ቆዳ ግዢ መስፈርት አዘጋጂልን፣ የውጭ ገዢዎች እየጠየቁ ነው» ብሏታል። የሰጣት ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። «ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?» ትላለች። ልመልስላት ቁጭ ስል ነገሩ ረዘመብኝ። ደግሞም ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም፤ ወደዚህ ሙያ የምትገቡ ሁሉ ዛሬ ወይ ነገ ይገጥማችኋል። እናም ለሁላችሁም ይሁን ብዬ ነው።

እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆዳ ውስጥ ነው ያረጀሁት። ሽታው ከልብሴ ለቆ አያውቅም፤ ባለቤቴ የሥራ ጃኬቴን በረንዳ ላይ ነበር የምታስወልቀኝ። ምደባ ላይ ጀመርኩ፣ ቆዳውን ብርሃን ላይ ዘርግቼ ይሄ አንደኛ፣ ይሄ ሦስተኛ፣ ይሄ ውዳቂ እያልኩ። ከዚያ ምርት ክፍል፣ ከዚያ ግዢ። በስተርጅና ደግሞ እንዲህ ያለውን መስፈርት የሚያረቅ ኮሚቴ ውስጥ ተቀመጥኩ። ስለዚህ በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ግዢ ክፍል እያለሁ ከአንድ የውጭ ገዢ ቅጽ መጣልኝ። ዕቃው የፍየል ሌጦ ነበር። ቅጹ ላይ «ከየት መጣ?» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ዓይኔን ሳላሽ «ባቲ» ብዬ ሞላሁ። የባቲ ሌጦ ስሙ የታወቀ ነው፤ ወፍራም፣ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ፣ ውስጡ ንጹሕ፣ ሱዊድ ለሚባለው እንደ ከፋይ ለስላሳ ቆዳ የሚፈለግ። ችግሩ ምንድነው፣ በእኛ ንግድ «ባቲ» የከተማ ስም ብቻ ሳይሆን የዓይነት ስምም ሆኗል። ነጋዴው «ባቲ ነው» ሲላችሁ ዓይነቱን ማለቱ ነው። ፍየሏ የት እንደተወለደች፣ የት እንደታረደች አልነገራችሁም። ገዢው ግን የጠየቀው ቦታውን ነው። ዋሸሁ? ያኔ ብትጠይቁኝ አልዋሸሁም እላችሁ ነበር።

በዓመቱ የገዢው ሰው አዲስ አበባ መጣና «እስቲ ወደዚያ ውሰደኝ» አለ። መቼም እንግዳ አይመለስም። ከፋብሪካው መጋዘን ተነስተን ወደ ጅምላ ነጋዴው፣ ከጅምላ ነጋዴው ወደ ሰብሳቢው፣ እያልን ሰኞ ዕለት ባቲ ገበያ ደረስን። ሰብሳቢው ጎልማሳ ሰው ነው። መደቡ ላይ ጨው ያልነካቸው ትኩስ ሌጦዎች ተከምረዋል። «እነዚህ ከየት ናቸው?» አልኩት። በጣቱ እየቆጠረ ስድስት ገበያ ጠራልኝ። ሰባተኛውን «ከቆላ የመጣ ሰው ነው ያመጣው፣ አገሩን አልጠየቅኩትም» አለኝ። ቅጹን አውጥቼ አሳየሁት። ገለጥ ገለጥ አደረገና «ጋሼ፣ ይቺን ወረቀት ብሞላት ስንት ትጨምርልኛለች?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ፈረንጁ «ምን አለ?» ይለኛል። «ስለ ቅጹ ብዙ ጥያቄ አለው» ብዬ ተረጎምኩለት።

ተረቱን ታውቁታላችሁ፣ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። ያን ቀን ጅቡ እኔ ነበርኩ። ጣልያን ወይም ቻይና ያለ ገዢ አያውቀኝም፤ ወረቀቴን አምኖ ቁርበት ያነጥፍልኛል። ባቲ ላይ ግን ሁሉም ያውቀኛል።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ብራዚልን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ግሪንፒስ የተባለው የአካባቢ ተቆርቋሪ ድርጅት የአማዞን ደን ተመንጥሮ ለከብት ግጦሽ እየዋለ፣ ሥጋውና ቆዳውም ታዋቂ ብራንዶች ዘንድ እየደረሰ መሆኑን አጋለጠ። ጫማ ሻጮቹ ደነገጡ፤ ትልልቆቹ የሥጋ ድርጅቶች በዚያው ዓመት ደን ከመነጠረ እርባታ ከብት ላለመግዛት ቃል ገቡ። ሳተላይት አለ፣ ካርታ አለ፣ ከብት ከቦታ ቦታ ሲዛወር የሚያዝ የመንግሥት የይለፍ ወረቀት አለ። እና ምን ሆነ? ቁጥጥሩ የቆመው ለቄራው በቀጥታ የሚሸጠው እርባታ ላይ ነው። ጥጃው የተመነጠረ መሬት ላይ ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ከዚያ «ንጹሕ» ወደተባለው እርባታ ይሸጣል፣ እዚያ ሰብቶ ቄራ ይገባል። ወረቀቱ የመጨረሻውን ቤት ብቻ ያሳያል። ሳተላይት ያለው አገር እንዲህ ከሆነ እኔና የባቲው ሰውዬ ምን ይባልልናል?

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። የውጭውን ሰነድ አውርዳችሁ፣ «እርባታ» የሚለውን «አርሶ አደር» ብላችሁ፣ አርማችሁን ለጥፋችሁ ታስገባላችሁ። ሰነዱ የተጻፈው አጥር ላለው፣ የጆሮ ቁጥር ላለው፣ አንድ ባለቤት ሺህ ከብት ለሚነዳበት አገር ነው። እኛ ዘንድ ወደ 70 ሚሊዮን የቀንድ ከብት አለ፤ ባለቤቱ ግን አንድ ጥማድ በሬና ሁለት ላም ያለው ገበሬ ነው፣ ወይም ከውኃ ውኃ የሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር። አንድ ሺህ ሌጦ ማለት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ደጃፍ ነው። «እያንዳንዱን እንስሳ እስከ ትውልድ ቦታው እንከታተላለን» ብላችሁ አትፈርሙ። የምትችሉትን ጻፉ፤ ይህ ክምር ከዚህ ሰብሳቢ፣ በዚህ ሳምንት፣ ከእነዚህ ገበያዎች ነው የመጣው፣ ከዚህ ገበያ ያለውን ግን አላወቅንም። አዎ፣ «አላወቅንም» የሚል ሳጥን ይኑራችሁ። እኛ ኮሚቴ ውስጥ ያቺን ሳጥን ለማስገባት ሦስት ስብሰባ ፈጅቶብናል። አለቆች አይወዷትም።

ደን ተመንጥሮ የተገኘ ምርት ገበያው እንዳይገባ የሚከለክለውን የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግም በራሳችሁ ዓይን አንብቡት፣ ከሰው አትስሙ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ የቀንድ ከብት ቆዳን አካቷል፤ በግና ፍየል ግን የሉበትም። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀንም ደጋግሞ ተራዝሟል። አንድ አማካሪ ይህንኑ ሕግ ጠቅሶ ለበግ ሌጦ ካርታ ሊያሠራን ገንዘብ ሲጠይቀን አይቻለሁ።

ሌላው ነገር ቢላ ነው። መስፈርት ሲባል ሰው የሚያስበው ስለ ደንና ስለ ኬሚካል ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከቢላዋ ጀምሩ እላችኋለሁ። በበዓል ቀን ግቢ ውስጥ በግ ሲታረድ እዩ። የሚያውቅበት ሰው በቢላ የሚከፍተው እግሩንና ሆዱን ብቻ ነው፤ ከዚያ ቢላውን ያስቀምጥና እጁን ጨብጦ በቡጢ ይገፋል፣ ሌጦው ከሥጋው ይላቀቃል። የቸኮለው ግን እስከ ጀርባው ድረስ በቢላ ይጭራል። ጭረቷ ትኩሱ ላይ ፀጉር አታህልም። ፋብሪካ ገብታ ኖራ ውስጥ ስትከርም፣ ክሮም የሚባለውን ማልፊያ ኬሚካል ጠጥታ ስትወጣ ግን አፏን ከፍታ ትጠብቃችኋለች። ሌጦው በፌስታል ተጠቅልሎ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ከዋለ ደግሞ ጨው የሚያድነው ነገር የለም፤ መበስበሱ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል።

እንስሳው ሞቷል፣ ውኃው ፈስሷል፣ ኬሚካሉ ወጥቷል፣ ቆዳው ግን ውዳቂ ሆነ። ከዚህ የባሰ ብክነት ምን አለ? ድሮ በበዓል ማግስት ተሻምተን የምንገዛውን ሌጦ ዛሬ ብዙ ሰፈር ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ዋጋው ስለወደቀ የሚያነሳው የለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ጥሬና በከፊል የለፋ ቆዳ ወደ ውጭ እንዳይወጣ 150 በመቶ ታክስ ጥሎበት ነበር። ሐሳቡ እሴት ይጨመር ነበር፤ አልቃወምም። ግን ሰብሳቢው ከአገር ውስጥ ፋብሪካ ሌላ የሚሸጥለት አጣ። ፋብሪካው አልገዛም ሲል እሱም መሰብሰቡን ተወ።

በእንስሳው አካል ላይ በጋለ ብረት ስለሚተኮሰው ምልክትም ጥንቃቄ አድርጉ። «ምልክት ያለበት ቆዳ አንቀበልም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ቦረና ላይ ያ ምልክት የባለቤትነት ማስረጃ ነው፤ ፋይል ቤት የለውም ሰውዬው። አትተኩስ ሳይሆን ጀርባውን ተወው፣ ጉንጩ ላይ ወይም ከጉልበት በታች አድርገው ብትሉት ያዳምጣችኋል። እከክም እንደዚሁ ነው። ከፀጉሩ ሥር ያለው ጉዳት ጥሬው ላይ አይታይም፣ የሚታየው ፀጉሩ ከረገፈ በኋላ ነው። ያኔ «ይህ ክምር ከየትኛው ወረዳ ነው?» ብላችሁ የእንስሳት ጤና ቢሮውን መጥራት ከቻላችሁ ሳጥኗ ሥራ ሠራች ማለት ነው።

ወደ ፋብሪካው ውስጥ ስትገቡ ደግሞ አንድ ነገር በልባችሁ ያዙልኝ። የፀጉር ማርገፊያው ክፍል ውኃ ሰልፋይድ አለበት። ቆዳው በጨውና በአሲድ የሚነከርበት የፒክሉ ክፍል ውኃ አሲድ ነው። ሁለቱ አንድ ቦይ ውስጥ ከተገናኙ ገዳይ ጋዝ ይወጣል። መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ከበዛ በኋላ ግን አፍንጫ ይደነዝዛልና ሽታው ይጠፋል። ልጆች፣ ሽታው ድንገት ከጠፋ ውጡ፣ ሩጡ፤ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው ብታዩም ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ዘላችሁ አትግቡ። ይህንን መስፈርታችሁ መጀመሪያ ገጽ ላይ በሥዕል አስቀምጡት። ክሮሚየም 6 የሚባለውን ጎጂውን የክሮም ዓይነት፣ በኪሎ 3 ሚሊግራም የሚለውን የአውሮፓ ወሰን፣ ላቦራቶሪ ይነግራችኋል። ቦዩን ግን ወርዳችሁ ካላያችሁ ማንም አይነግራችሁም።

የኦዲት ነገር ረጅም ነው፣ አልገባበትም። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ሌዘር ወርኪንግ ግሩፕ የተባለ ዓለም አቀፍ ማኅበር የቆዳ ፋብሪካዎችን እየመዘነ ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ ሲሰጥ ቆይቷል፤ በውኃና በጉልበት ፍጆታ ላይ ብዙ አስተምሮናል። ነገር ግን ፋብሪካው ወርቅ አገኘ ማለት የባቲው ሰብሳቢ ወርቅ አገኘ ማለት እንዳይመስላችሁ።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። ያቺ ጥያቄው ስላልለቀቀችኝ ከባልደረቦቼ ጋር ሆነን አንድ ነገር ሞከርን። አሥራ አራት ገጹን ቅጽ ጣልነውና አንድ ገጽ አደረግነው፣ ግማሹ ሥዕል። የቢላ ጭረት ለሌለበት፣ በሰዓቱ ጨው ለነካው፣ ገበያው ለተጻፈበት ሌጦ በአንዱ ትንሽ ጭማሪ መክፈል ጀመርን። ሰብሳቢው ከጭማሪዋ ለአራጆቹ ያካፍላል። አንድ የበዓል ወቅት እንዲህ ሠራን። ምደባ ጠረጴዛው ላይ ልዩነቱን በእጄ ዳሰስኩት፤ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ከዚያ የውጭ ትእዛዝ ቀነሰ። ፋብሪካው ወጪ ሲቀንስ መጀመሪያ የቆረጠው ያቺን ጭማሪ ነው። ቅጹ ግን ገዢው ስለሚፈልገው ሳይነካ ቆየ።

ለአረፋ ሳምንት ሲቀረው የባቲው ሰብሳቢ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮም ጭማሪዋ አለች?»

«የለችም» አልኩት።

«ወረቀቷስ?»

«ወረቀቷ አለች።»

ሳቀ። ከዚያ ስለ ልጆቼ ጤና ጠየቀኝና ስልኩን ዘጋ።